አየሩ ሲበዛ ነዳጁም ይብዛ፦ የሞተር ትንፋሽና የነዳጅ ፓምፕ ፊዚክስ

ከሆሳዕና ወደ ሀቢቾ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ መኪና የጠበቀ ሰው ጭነት ተሸክሞ ዳገት የሚቧጥጥ ኢሱዙ ሳያይ አይቀርም። ማርሹ ወርዷል፤ ሞተሩ ያጓራል፤ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። አንድ ጊዜ ከእኔ ጋር መኪና ይጠብቁ ከነበሩ ሁለት ተማሪዎች አንደኛው «ጭሱ የጉልበቱ ምልክት ነው» ሲል ሰማሁት። ጓደኛው ደግሞ «ፖምፓው ተጨምሮለት ነው» አለ። ሁለተኛው ተማሪ ከእውነቱ ሳይቀርብ አልቀረም። የመጀመሪያው ግን ተሳስቷል። ጥቁር ጭስ የሚቃጠልበት አየር ያጣ የነዳጅ ካርቦን ነው፤ ማለትም ባለንብረቱ ገንዘብ ከፍሎበት ሥራ ሳይሠራ የወጣ ነዳጅ ነው።

ለመሆኑ ነዳጅ መጨመር ጉልበት የሚሰጠው መቼ ነው? ጉዳት የሚያስከትለውስ መቼ ነው? መልሱ ያለው በአየሩ ላይ ነው።

ሞተርም ይተነፍሳል

1 ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ነዳጅ ፈሳሽ ስለሆነ እንደልብ ማስገባት ይቻላል። አየር ግን ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ወደ ሲሊንደር የሚገባው መጠን የተወሰነ ነው። ስለዚህ የሞተርን የጉልበት ጣሪያ የሚወስነው አየሩ ነው።

እዚህ ላይ የሀገራችን ከፍታ ጣልቃ ይገባል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የአየር መጠነ ቁስ፣ በባሕር ጠረፍ ካለው 80 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ በደንብ የሚጎትት ሞተር ሆሳዕና ሲደርስ ከትንፋሹ አንድ አምስተኛውን አጥቷል ማለት ነው።

አየርን በግፊት ወደ ሞተር የማስገባት ዘዴ የተስፋፋውም ለዚህ ችግር መፍትሔ ሲፈለግ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በሚቃጠለው ጋዝ ኃይል የሚዞር አየር መጭመቂያ ነድፎ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1918 «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አወጣው። ቆላ ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ። መጭመቂያው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ።

ዛሬ ከጭስ ማውጫው በሚወጣው ጋዝ የሚዞረውን «ቱርቦ»፣ ሞተሩ ራሱ በቀበቶ የሚያዞረውን ደግሞ «ሱፐርቻርጀር» እንላቸዋለን። የሁለቱም ሥራ በዚያው ሲሊንደር ውስጥ የበለጠ አየር ማጨቅ ነው።

እስኪ እናስላ

ባለ 2 ሊትርና ባለ አራት ምት የቤንዚን ሞተር እንውሰድ። በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ዙር ያደርጋል። በየሁለት ዙሩ 2 ሊትር አየር ስለሚስብ በሰከንድ 100 ሊትር ይተነፍሳል። በባሕር ጠረፍ አንድ ሊትር አየር 1.2 ግራም ያህል ስለሆነ ይህ 120 ግራም አየር ነው። ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ድብልቁ ትንሽ ነዳጅ እንዲበዛበት ይደረጋል። 1 ግራም ነዳጅ ለ12 ግራም አየር ብንል በሰከንድ 10 ግራም፣ በሰዓት 49 ሊትር ገደማ ቤንዚን ያስፈልጋል።

አሁን ሱፐርቻርጀር ገጥመን የአየሩን እፍግታ በአንድ ተኩል እናባዛው። አየሩ በሰከንድ 180 ግራም፣ ነዳጁ 15 ግራም ይሆናል፤ ይህም በሰዓት 73 ሊትር ያህል ነው። ፓምፑ ግን 50 ሊትር ብቻ የሚሰጥ ቢሆንስ? አየሩ እንደልብ ይገባል፤ ነዳጁ ግን ይጎድላል።

የድብልቁ መሳሳት በቤንዚን ሞተር ላይ ከባድ አደጋ አለው። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው እንደሚያውቀው የታመቀ አየር ይግላል። በትርፍነት የሚገባው ቤንዚን ሲተን ይህን ግለት ያበርዳል። ነዳጁ ሲጎድል ግን ከካንዴላው የተነሣው እሳት ሳይደርስ የቀረው ድብልቅ በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ይህ ከቀጠለ ፒስተኑ ሊበሳ ወይም ሊቀልጥ ይችላል። ናፍጣ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሞተሩን የሚያግለው ነዳጅ መጉደሉ ሳይሆን ከአየሩ በላይ መብዛቱ ነው፤ ጥቁሩ ጭስም ከዚያ ይመጣል።

በፓምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር

«እንግዲያው በሰዓት 73 ሊትር የሚል ፓምፕ ገዝቼ ልግጠም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሁለት ነገሮችን ግን ማስተዋል ይገባል።

የመጀመሪያው ግፊት ነው። ኖዝሉ ነዳጅ የሚረጨው በነዳጁና በአየሩ መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። ሱፐርቻርጀሩ የአየሩን ግፊት በከፍታ ቁጥር የነዳጁም ግፊት አብሮ መነሣት አለበት። ፓምፕ ደግሞ የሚገፋው ግፊት ሲጨምር የሚሰጠው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥሩ በየትኛው ግፊት እንደተለካ መጠየቅ ያስፈልጋል። ግፊቱን ብቻ ከፍ አድርጎ ነዳጅ ማብዛትም ብዙ አያዋጣም። በኖዝል የሚያልፈው መጠን የሚያድገው በግፊት ልዩነቱ ስኩዌር ሩት ስለሆነ፣ ነዳጁን እጥፍ ለማድረግ ግፊቱን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ትልቅ ፓምፕ 10 አምፒር ቢስብና ያረጀው ሽቦ 0.2 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው፣ በኦም ሕግ መሠረት 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ቮልቴጅ ያነሰው ፓምፕ ደግሞ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የሚሰጠው ነዳጅ ያንሳል። ስለዚህ ሰው አዲስ ፓምፕ ገጥሞ በአሮጌ ሽቦ ሊከስር ይችላል።

ከፍታ የሚሸሽገው ጉድለት

ከሁሉ በላይ የእኛን ሀገር ሰው የሚመለከተው ይህ ነው። ያው ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት ሞተር ሆሳዕና ላይ የሚያገኘው አየር በአንድ አምስተኛ ስለሚያንስ የሚበቃው ነዳጅ በሰዓት 58 ሊትር ያህል ነው። በሰዓት 60 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ እዚህ ተፈትኖ «ደህና ነው» ይባላል። ያው መኪና ጅቡቲ ሲወርድ ግን፣ የቆላው ሙቀት አየሩን ጥቂት ቢያሳሳውም፣ 70 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። ደጋ ላይ ያልታየው ጉድለት ቆላ ላይ ፒስተን ያቀልጣል። በአንጻሩ፣ ለቆላ አየር የተስተካከለ አሮጌ የናፍጣ ፖምፓ ደጋ ሲወጣ ያንኑ ነዳጅ ለሳሳው አየር ስለሚሰጥ ያጨሳል።

ስለዚህ ፓምፕ መለካት ያለበት ሞተሩ ሊያገኝ በሚችለው ከፍተኛ አየር ነው። በስሌቱ ላይ ቢያንስ አንድ አምስተኛ መጠባበቂያ ማከል፣ ሞተሩ በጭነት ላይ እያለ ፓምፑ ጫፍ የሚደርሰውን ቮልት መለካት፣ በጭስ ማውጫው ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን በመለኪያ መከታተል፤ እነዚህ ብሎንን በጆሮ ግምት ከማዞር ይሻላሉ።

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሏን እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቃለች። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያቃጥል ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ነገር ግን ቀድመው የገቡት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ዳገታችንን ይወጣሉ። በጋራዡ ውስጥ ብሎኑን የሚያዞረው መካኒክ እጁ የሠለጠነ ነው፤ በአሥረኛ ክፍል የኦም ሕግን የተማረች እኅቱ ደግሞ ስሌቱን ታውቃለች። ሁለቱ አንድ ቮልት መለኪያ ይዘው አንድ ሞተር ላይ ቢያጎነብሱ የስንቱ ባለመኪና ፒስተን በዳነ!