ፊቱ ያልታየው



የቪዲዮ ካሴት ማከራያ ቤቶች ዛሬ ከአዲስ አበባ መንገዶች ጠፍተዋል። በ1980ዎቹ ግን ፋሲካ ሲደርስ ቅዳሜ ወደዚያ ጎራ ብለን «ቤን ኸር»ን እንከራይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በዊልያም ዋይለር አዘጋጅነት የተሠራው ይህ ፊልም 11 የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል፤ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይም ይፈጃል።

ብዙዎች የሚያስታውሱት የሠረገላውን እሽቅድምድም ነው። የእኛን ልብ የነካው ግን ሌላ ነው። ባለታሪኩ በሰንሰለት ታስሮ በናዝሬት ሲያልፍ ጌታችን ውኃ ያጠጣዋል፤ ፊቱ ግን ለተመልካች አይታይም። በኋላ መስቀል ተሸክሞ ሲወድቅ ደግሞ ያ ሰው በተራው ውኃ ያቀርብለታል።

አንድ የትንሣኤ ማታ እንግሊዝኛ የማያውቁት እናታችን፣ «ፊቱን ለምን ደበቁብን?» ሲሉ ጠየቁ። መልስ ስናሰላስል፣ «የሰፈሩ ዘበኛ እኮ ውጪ ነው» ብለው ብድግ አሉ፤ ዶሮ ወጡንና ጠላውንም ይዘውለት ወጡ።

ካሴቱን ሰኞ ዕለት ወደ ኋላ አጠንጥነን መለስን። መልሱን ግን ከእናታችን እጅ አግኝተናል፤ ያልታየው ፊት በደጃችን ቆሞ ነበር። ዛሬስ በየደጃችን የቆመው ማን ይሆን?

በዓሉ የሰላምና የበረከት ይሁንልን!