ሌሊት ስልኩ ለምን አልለቅ ይለናል?

እህቴ፣ ቤይሩት በሰው ቤት ስሠራ የራሴ የምለው ሰዓት የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ነበር። እግሬ አብጦ፣ ዓይኔ እየተከደነ፣ ስልኬን ግን አላስቀምጥም። አንድ ቪዲዮ፣ ደግሞ ሌላ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ማዳም ስትጠራኝ ራሴን «ሰነፍ» እያልኩ እሰድብ ነበር። ዛሬ ለምክር የሚመጡ እህቶች ያንኑ ሲነግሩኝ ስለ ዶፓሚን አወራቸዋለሁ።

ዶፓሚን አንጎላችን የሚሠራው፣ ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ሰውነታችንን ለማንቀሳቀስም ያስፈልገናል። ይህን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት ሲሞቱ የፓርኪንሰን በሽታ ይመጣል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል። አዛውንት የምትንከባከቢ ከሆነ አይተሽው ይሆናል።

ብዙ ሰው «የደስታ ኬሚካል» ይለዋል። ስሙ ያሳስታል፤ ከደስታው ይልቅ የሚያነሣሣው ፍለጋውን ነው። ዎልፍራም ሹልትዝ የተባሉ ተመራማሪ ይህን በጦጣዎች አይተውታል። ጦጣዋ ሳታስበው ጭማቂ ስታገኝ የዶፓሚን ሕዋሳቷ ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እንደሚበራ ከለመደች በኋላ ግን የሚነቁት መብራቱ ሲበራ ነው፤ ጭማቂው ሲመጣ ዝም ይላሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ከወትሮውም በታች ይወርዳሉ።

የእኛ መብራት የስልኩ ድምፅ ነው። ከቤት የመጣ ቮይስ ይሆን? ቀጣዩ ቪዲዮ ያስቀኝ ይሆን? የሚይዘን ያየነው ሳይሆን ይህ «ይሆን» ነው። ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት ሙሉ አይተሽ ሳትጠግቢ የምትተኚው። ቀኑን ሙሉ ሌላ ደስ የሚል ነገር ካላገኘሽማ ስልኩ ቢይዝሽ ምን ይደንቃል!

ስልክሽን ጣይ አልልሽም፤ የእናትሽን ድምፅ የምትሰሚበት እሱ ነው። እኔን የረዳኝ ቀላል ነገር ነው፦ መጀመሪያ የቤቴን መልእክት ሰምቼ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ድምፁን አጥፍቼ እጄ የማይደርስበት ቦታ ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እየተነሣሁ አመጣው ነበር። ቆይቶ ተውኩት።

ደግሞም ዕረፍት በማይሰጥሽ ቤት ካለሽ ድካምሽን በስልኩ አታሳቢ፤ ጥፋቱ የአንቺም አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም ነገር ደስ ካላለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይም ሞትን ካሰብሽ ግን ይህ ድብርት ሊሆን ይችላል። ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ለምታምኛት እህት ዛሬውኑ ደውዪላት።