ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ የጎማ ንፋስ አታስቀንሱ
መርካቶ የምሠራ የመኪና መካኒክ ነኝ። በዓል ሲቃረብ «ቆላ ልንወርድ ነው፤ ጎማው እንዳይፈነዳ ንፋስ ቀንስልን» የሚሉኝ በዝተዋል። እባካችሁ ተዉ!

ይበልጥ የሚግለው ንፋስ ያነሰው ጎማ ነው። ጎኑ እየተጣጠፈ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ሊፈነዳ ይችላል። ከሞጆ በኋላ በመቂና በባቱ ሜዳ ፍጥነት ይጨመራል፤ ከብትና ጋሪም ድንገት መንገድ ይገባል። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ቦታ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን አድርጉ፦

1. ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ጠርዝ ተለጥፏል።

2. የጎማውን ዕድሜ አንብቡ። ጎኑ ላይ «2319» ካለ፣ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። አቆጣጠሩ የፈረንጆች ስለሆነ በእኛ 2011 ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

3. መጠባበቂያ ጎማና ክሪክ መያዛችሁን አረጋግጡ።

የጎማችሁን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ አይቼ እመልሳለሁ።