መኪናን ጠብቆ ስለ ማቆየት

መኪና ለቤተ ሰብ የሚሰጠው ጥቅም ብዙ መሆኑ የታወቀ ነው። በቅሎ ብትራብ ወይም ብትደክም በሁኔታዋ ታስታውቃለች፤ መኪና ግን ጉዳቱን ደብቆ ሲሄድ ይቆይና ባላሰቡት ቀን ይቆማል። ስለዚህ ባለቤቱ ነገሩን ሁሉ ለሾፌሩና ለመካኒኩ ብቻ ሳይተው፤ ራሱም ሊመረምር ይገባዋል። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፤ በእጅ ያለውን በጥንቃቄ መያዝ የሚበጅ ነው።

የሞተር ዘይት ብረት ከብረት ጋራ እንዳይፋጭ ይከላከላል፤ እድፉንም ተሸክሞ ወደ ማጣሪያው ያደርሳል። መጠኑን ለማወቅ መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ፤ ሞተሩን አጥፍቶ፤ ጥቂት ደቂቃ ከቆዩ በኋላ የመለኪያውን ዘንግ ጠርጎ መልሶ አግብቶ ማየት ነው። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ሊገኝ ይገባል። የሚለወጥበትን ጊዜ የፋብሪካው መጽሐፍ ይናገራል፤ በአቧራ መንገድ የሚመላለስ መኪና ግን ከዚያ አስቀድሞ ሊለወጥለት ያስፈልጋል። ማጣሪያውም አብሮ ይለወጥ፤ አዲስ ዘይት በአሮጌ ማጣሪያ ላይ ማፍሰስ ባልታጠበ ጋን ጠላ እንደ መጥመቅ ነውና።

የአየር ማጣሪያውን በበጋ ወራት ቶሎ ቶሎ መመልከት ይገባል። ሲቀደድ ወይም በደንብ ሳይገጠም ሲቀር አቧራው ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል።

በአዲስ አበባ ከፍታ ተራ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ብረትንም ያዝጋል። ስለዚህ በራዲያተሩ ፋብሪካው ያዘዘው ማቀዝቀዣ ይግባበት፤ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ግን ክዳኑን የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቃጠላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የፍሬን ዘይት ነው። ሌላው ቢጓደል ገንዘብ ይጠፋል፤ ይህ ቢጓደል ግን ሕይወት ይጠፋል። የፍሬን ዘይት ቀስ በቀስ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት አለበት። በዚያ ሁሉ ፍሬን ሲረግጥ ቢውል ያረጀው ዘይት ይፈላል፤ መርገጫውም ወደ ታች ይሰምጣል፤ መኪናውም አልቆም ይላል። ስለዚህ ፋብሪካው ሌላ ካላዘዘ በቀር በየ2 ዓመቱ ማስለወጥ፤ ቁልቁለትንም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ የሚሄደውም መኪና የፍሬን ዘይት ስላለው ከዚህ ጥንቃቄ አይወጣም።

እንግዲህ ቀኑንና ኪሎሜትሩን፤ የተለወጠውንም ነገር የሚጽፉበት አንድ ትንሽ ደብተር በመኪናው ውስጥ እንዲያኖሩ አንባቢዎቻችንን እናሳስባለን። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፤ ዛሬ ለዘይትና ለማጣሪያ የሚወጣው ጥቂት ገንዘብ የነገውን ብዙ ኪሣራ ያስቀራል፤ ቤተ ሰብንም በደኅና አግብቶ በደኅና ይመልሳል።