‹‹አሜባ ነው›› ከመባሉ በፊት

በሠፈራችን በኮልፌ ቀራንዮ ሆዱን ያመመው ሰው የበሽታውን ስም ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ጎረቤቱ ‹‹አሜባ ይሆናል›› ይለዋል። ሆድ ሲነፋ አሜባ፣ ምግብ አልስማማ ሲል አሜባ፣ ሕጻን ሲያስቀምጠውም አሜባ ነው። ከዚያ በቅርብ ካለ መድኃኒት ቤት ‹‹የአሜባ ኪኒን›› ይገዛል። እኛም በማስተማር በቆየንባቸው ዓመታት ይህንኑ ምክር ለተማሪዎቻችን ቤተሰቦች ስንሰጥ ኖረናል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳን ግን በአንድ ክረምት ያጋጠመን ነገር ነው።

ከምናስተምራቸው የቲሞች አንዱ፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ትኩሳትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። የምታሳድገው አክስቱ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደችው፤ ሰገራው ታይቶ ‹‹አሜባ›› የሚል ወረቀት ተሰጣት። ልጁ ኪኒኑን ቢወስድም አልተሻለውም። ሌላ ቦታ ሄደች፤ ያው ምርመራ፣ ያው ውጤት፣ ያው ኪኒን ሆነ። ለልጁ የወር ቀለብ የተሰጣት ገንዘብም በዚሁ አለቀ። በሦስተኛው ጊዜ ያየው የጤና ባለሙያ የዐይኑን መጎድጎድና የአፉን መድረቅ ተመልክቶ ከሁሉ በፊት ከሰውነቱ የወጣው ፈሳሽ እንዲተካ አደረገ፤ ቀጥሎም በባክቴሪያ ለሚመጣ ተቅማጥ የሚሰጠውን መድኃኒት አዘዘለት። በሦስት ቀን ውስጥ ደሙ ቆመ። አክስቲቱ ‹‹ታዲያ ያ ሁሉ አሜባ የት ሄደ?›› ብላ ጠየቀችን። በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረንም። ባለሙያ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን እነሆ።

በሽታ የሚያመጣው አሜባ ‹‹ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ›› የሚባል አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ተሕዋስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በታማሚ ሰው ሰገራ ውስጥ ያገኘው ፌዶር ሎሽ የተባለ ሐኪም ሲሆን፣ ይህም በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ተሕዋሱ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሎ ከሰገራ ጋር የሚወጣውና በውኃና በአፈር ውስጥ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት የሚቆየው ነው፤ ይህን ባለሙያዎች ሲስት ይሉታል። ወደ ሰው የሚተላለፈውም ይኸው ነው። ሁለተኛው በአንጀት ውስጥ ከሽፋኑ ወጥቶ የሚንቀሳቀሰውና የአንጀትን ግድግዳ ሊያቆስል የሚችለው ነው።

ነገሩን ያወሳሰበው የዚህ ተሕዋስ መንታ መኖሩ ነው። ኤሚል ብሩምፕት የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1925 ‹‹አሜባው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ አንደኛው ሰውን አይጎዳም›› ብሎ ጻፈ። ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ እውነትነቱ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ጉዳት የሌለው ‹‹ኢንታሚባ ዲስፓር›› ይባላል። የሁለቱ ሲስት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ልዩነት የለውም። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997፣ ሲስት ብቻ ተገኝቶ ሰውየው ምንም የሕመም ምልክት ከሌለው፣ ጎጂው ዓይነት መሆኑ ሳይረጋገጥ በመላምት እንዳይታከም መክሯል።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በወንጂና እዚሁ ከተማችን ውስጥ በአቃቂ ተቅማጥ ይዟቸው የመጡ ሕሙማንን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱን አሳትመዋል። በማይክሮስኮፕ ‹‹አሜባ›› ይባል የነበረው የሰገራ ናሙና የተሕዋሱን ዘር በሚለይ ረቂቅ ምርመራ ሲፈተሽ ጎጂው አሜባ አልተገኘም። እንዲህ ሲባል አሜባ በአገራችን የለም ማለት አይደለም፤ አለ፣ ይገድላልም። ሆኖም ስሙ ከበሽታው እጅግ በልጦ ይዞራል።

የአክስቲቱ ጥያቄ መልስም እዚህ ላይ ይገኛል። በባክቴሪያ ምክንያት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በያዘው ልጅ ሰገራ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ፤ እነዚህን ያልተጠነቀቀ ዐይን እንደ አሜባ ሊያያቸው ይችላል። ምናልባትም የታየው ጉዳት የሌለው መንታው ይሆናል። በማይክሮስኮፕ ጎጂውን በእጅጉ የሚያመለክተው ተንቀሳቃሹ አሜባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ውጦ ሲገኝ ነው። ተንቀሳቃሹ ደግሞ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ቀጭን ሰገራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት ይኖርበታል። ጠዋት ከቤት በብልቃጥ ተይዞ ታክሲ ተጠብቆ፣ ሰልፍ ተይዞ እኩለ ቀን ላይ የሚደርስ ናሙና ብዙ አይናገርም። ናሙናውን እዚያው ጤና ተቋሙ ውስጥ መስጠት ይሻላል። ሁለቱን መንትዮች የሚለይ ምርመራ ካለም መጠየቅ ነውር የለበትም።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በያዛቸው ሕጻናት ላይ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግልጽ ነው። አስቀድሞ የሚታከመው ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ የአሜባ መድኃኒት የሚሰጠው ደም የዋጠው አሜባ ከታየ ወይም ሁለት ዓይነት ተስማሚ መድኃኒት ተሞክሮ ለውጥ ካልመጣ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ኦ.አር.ኤስ. መስጠት ነው፤ ጡት የሚጠባም መጥባቱን አያቋርጥ። ፌጦ በሎሚ መጠጣት በየቤታችን የቆየ ልማድ ነው፤ እኛም አንጠላውም፤ ነገር ግን ደም ያየች እናት በፌጦ አንድ ቀን እንኳ ማሳለፍ አይገባትም።

እውነተኛው የአንጀት አሜባ ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይጀምራል፤ ቁርጠት፣ ማማጥ፣ ደምና ንፍጥ ያለበት ሰገራ ያስከትላል፤ ከፍተኛ ትኩሳት የሚኖረው በጥቂቶች ነው። ከአንጀት አልፎ ወደ ጉበት ከደረሰ ግን መግል ይቋጥራል። ይህ በአብዛኛው የሚያገኘው ጎልማሳ ወንዶችን ነው። ትኩሳትና በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም ይሰማል፤ ተቅማጥ ላይኖር፣ በሰገራ ምርመራም ምንም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕመም የሚሰማው ሰው በሰገራው ውጤት ሳይዘናጋ አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ። በጊዜ ከተደረሰበት ብዙው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል።

ሕክምናው ሁለት ደረጃ አለው። ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል በአካል ውስጥ የገባውን አሜባ ይገድላል፤ አፍን ብረት ብረት ቢያሰኝም በዚህ ምክንያት አይቋረጥም። በአንጀት ውስጥ የቀረውን ግን አሟጦ ስለማያጠፋ እንደ ዳይሎክሳናይድ ወይም ፓሮሞማይሲን ያለ ሁለተኛ መድኃኒት ይከተላል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸኛው ነው። ‹‹ተሻለኝ›› ብሎ ግማሹን ኪኒን ለሌላ ልጅ ማስቀመጥም ሁለቱንም ልጆች ይጎዳል።

ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን አጠራቅመን እንጠጣለን። ለመጠጥ ውኃ የሚጨመረው የተለመደው የክሎሪን መጠን ሲስቱን አይገድለውም፤ ማፍላት ግን ይገድለዋል። በወንዝ ውኃ የሚለማ ሰላጣና ቆስጣ ከተማችን ገበያ ላይ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰላጣውን በጥሬው ለልጆች ከማቅረብ ቆስጣውን አብስሎ ማቅረብ ይመረጣል። በመድረሳዎቻችን ልጆች ከኢስቲንጃ በኋላ ለዉዱእ አንዱን ማንቆርቆሪያ ሲቀባበሉ እናያለን። በውኃ መታጠብ ብቻ አይበቃም፤ ከማንቆርቆሪያው አጠገብ ሳሙና ይቀመጥ፣ ጥፍራቸውም ይቆረጥ።

በረመዷን ስለሚታመም ሰው የሚጠይቁን አሉ። ሜትሮኒዳዞል በአብዛኛው በቀን 3 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይወሰዳል፤ ታማሚም ጾሙን ወደ ሌላ ቀን ማሸጋገር ተፈቅዶለታል። ሐኪሙ ነገሩን ካወቀ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን ቲኒዳዞል ሊመርጥለት ይችላል። የቀኑን ሦስት ኪኒን ሰብስቦ በመግሪብ ሰዓት በአንድ ጊዜ መዋጥ ግን ማንም ሐኪም ያላዘዘው ነው፤ ይህን ያደረጉ ሰዎች ገጥመውናል።