ስመ ጥር ትምህርት ቤት ብቻውን በር ይከፍታልን?



በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተን ዙሪያ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጭንቀት አለ። ልጅ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲቃረብ ወላጆች «የት ሰፈር ብንገባ ነው ጥሩ ትምህርት ቤት የሚደርሰን?» ይላሉ። አባት ሁለተኛ ሥራ ይይዛል፤ እናት የሌሊት ተራ ትጨምራለች፤ ኪራዩ ከአቅም በላይ ወደሆነበት ሰፈርም ይዛወራሉ። ስሌቱ ግልጽ ነው። ልጁ ስመ ጥር ሁለተኛ ደረጃ ከገባ፣ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ መግባቱ አይቀርም የሚል ነው። ይህ ስሌት ምን ያህል እውነት ነው? ለመመለስ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ምን እንደሚመለከት ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ቁጥር የማይወስንበት አሠራር

እኛ በኢትዮጵያ የተማርን ሰዎች የለመድነው የማትሪክን መንገድ ነው። ውጤቱ ይወጣል፤ ነጥቡ ደረሰ ወይም አልደረሰ ይባላል፤ ነገሩ በአብዛኛው በዚያው ያልቃል። በአሜሪካ ተማሪን መርጠው የሚቀበሉ ኮሌጆች ግን እንዲህ አይሠሩም። ብዙዎቹ አገሩን በየአካባቢው ከፋፍለው ለእያንዳንዱ አካባቢ የቅበላ ሠራተኛ ይመድባሉ። ይህ ሰው በአካባቢው ካለ አንድ ት/ቤት የመጡትን ማመልከቻዎች ሁሉ ያነባል። ሥራው ከዓመት ዓመት ስለሚደጋገምም ት/ቤቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ከተማሪው ትራንስክሪፕት ጋር የት/ቤቱ አማካሪ የሚልከው ሌላ ወረቀትም አለ። የት/ቤቱ መግለጫ ልንለው እንችላለን። በት/ቤቱ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጡት ኤ.ፒ. የሚባሉ ትምህርቶች ስንት እንደሆኑና ውጤት እንዴት እንደሚሰላ ይገልጻል። የቅበላ ሠራተኛው የልጁን ውጤት የሚመዝነው ይህን አጠገቡ አድርጎ ነው። ስለዚህ 20 ኤ.ፒ. ከሚሰጥበት ት/ቤት 3 ብቻ የወሰደ ልጅና 3 ብቻ ከሚሰጥበት ት/ቤት ሦስቱንም የወሰደ ልጅ እኩል አይታዩም። ሁለተኛው የቀረበለትን ሁሉ ወስዷልና።

በመድረሳ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም። አንድ ኪታብ ብቻ በሚቀራበት መንደር ያንኑ ኪታብ አጥርቶ የቀራ ደረሳ ሰነፍ አይባልም።

በብርቱዎች መካከል መሆን

ይህ ሚዛን ግን በሌላ በኩልም ይቆርጣል። በጠንካራ ት/ቤት የሚማር ልጅ መጀመሪያ የሚነጻጸረው ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ነው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ሶሺዮሎጂስት ቶማስ ኤስፐንሼድና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ለሦስት ከፍተኛ ዩኒቨርሲቲዎች የቀረቡ ማመልከቻዎችን መርምረዋል። ከሁሉ በላይ የሚመዝነው የተማሪው የራሱ ውጤት ሆኖ አገኙት። ነገር ግን በሌላው ሁሉ እኩል ከሆኑ ሁለት ልጆች መካከል ጎበዝ ጓደኞች የበዙበት ልጅ የመግባት ዕድሉ ሲጨምር ሳይሆን ሲቀንስ ታይቷል።

በቴክሳስ ደግሞ ነገሩ በሕግ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሕግ በየት/ቤታቸው ከፍተኛውን 10 በመቶ ደረጃ የያዙ ተማሪዎች በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ተጨማሪ ውድድር እንዲገቡ ፈቀደ። የኦስቲኑ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አመልካች ስለበዛበት ለ2026 መግቢያ መስፈርቱን ወደ 5 በመቶ አጥብቦታል። እንግዲህ 400 ተመራቂ ባለው ት/ቤት 20ኛ የወጣው በዚህ በር ያልፋል፤ 21ኛው ግን ት/ቤቱ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን በመደበኛው ውድድር መሞከር ይኖርበታል።

በቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ የታወቀው የቶማስ ጄፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 የመግቢያ ፈተናውን ትቶ፣ ከየመካከለኛ ደረጃ ት/ቤቱ ላሉ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች 1.5 በመቶ ያህል ቦታ እንዲያዝ ወስኗል። ልጅን ባለበት ቦታ መመዘን ከኮሌጅ በታችም ወርዷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል በትልልቆቹ ኮሌጆች ጥሩ ውጤት ብቻውን የማይበቃ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሐርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2024 መግቢያ ከ54 ሺህ በላይ አመልካቾች ቀርበውለት የተቀበለው ከ2 ሺህ ያነሱትን ነው። በ2018 በቦስተን በተሰማው ክርክር እንደተገለጸው፣ በዚያ ያሉ አንባቢዎች ለትምህርት ብቻ ሳይሆን ከክፍል ውጭ ላለ እንቅስቃሴ፣ ለስፖርትና ለግል ባሕርይም ነጥብ ይሰጣሉ።

ሳይጻፍ የሚቀረው ሥራ

እዚህ ላይ ነው የኛ ልጆች የሚጎዱት። ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት «ኮመን አፕሊኬሽን» የተባለው ቅጽ ከክፍል ውጭ ለሚሠሩ ሥራዎች 10 ቦታ አለው። ልጆቻችን ክለብና ስፖርት ከሌላቸው ባዶ ይተዉታል። ሆኖም ቅጹ የቤተሰብ ኃላፊነትን፣ ደመወዝ ያለው ሥራንና ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴንም በግልጽ ይጠይቃል። እናቱ ሥራ ስትውል ታናናሾቹን የሚያበላና የሚያስጠና ልጅ፣ ለአያቷ ሐኪም ቤት የምታስተረጉም ልጅ፣ ቅዳሜና እሁድ በመድረሳ ሕፃናትን ቁርኣን የምታስቀራ ወጣት ሥራ ሠርተዋል። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድባቸው ቆጥረው ይጻፉት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ኮሌጆች ዘርን በቀጥታ መመዘኛ እንዳያደርጉ ቢከለክልም፣ ተማሪው ሕይወቱ ምን እንዳስተማረው በጽሑፉ ከመግለጽ አልተከለከለም። ያልተሠራውን መጻፍ ግን ውሸት ነው፤ ከውሸት የሚገኝ ቦታ በረካ የለውም።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

ሰፈር ለመለወጥ ከመነሳታችሁ በፊት የምታስቡበትን ት/ቤት መግለጫ ከአማካሪው ጠይቁ። ልጃችሁ እዚያ ከባድ ትምህርቶችን እየወሰደ ጤናውን፣ እንቅልፉንና ሶላቱን ጠብቆ መቆየት ይችል እንደሆነ መዝኑ። ጥሩ ት/ቤት ጥሩ ነገር ነው፤ ጥሩ አስተማሪም ለዘላለም ይጠቅማል። የሚመረጠው ግን ለትምህርቱ እንጂ ለስሙ መሆን የለበትም። ልጁ በጠንካራ ት/ቤት መካከለኛ ደረጃ ቢይዝ አትገሥጹት። ከአማካሪውና ከመምህራኑ ጋር ተቀራርቦ እንዲያውቁት አድርጉ፤ የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጽፉት እነርሱ ናቸው።

ትልቁ ስም ካልተገኘስ? ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ትልልቅ ኮሌጆች ተቀብለዋቸው ሳለ ያን ያህል ስም ወደሌለው የሄዱ ተማሪዎች ኋላ ያገኙት ገቢ በአብዛኛው እንዳላነሰ አሳይተዋል። ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ግን ተመራጭ ኮሌጅ መግባት ጥቅም እንዳለው አብረው ጠቁመዋል። ስለዚህ ማመልከቱን አትፍሩ፤ እምቢ ቢባልም ሰማይ አይደፋም።

የቅበላ ሠራተኛው የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህ ልጅ በቀረበለት ምን ሠራበት?» የሚል ነው። ልጆች ከአላህ የተሰጡን አማና ናቸውና እኛም በቤታችን ልንጠይቃቸው የሚገባው ይህንኑ ነው። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፤ ለወላጆቻቸውም የዓይን ማረፊያ ያድርጋቸው። አሚን።