የፊደልና የቀለም ሽሚያ በቪዲዮ ካርድ ላይ

በአሶሳ ዙሪያ የሚገኝ የሽመል ደን ፎቶግራፍ በዛሬ ኮምፒውተር ሲታይ፣ ፒክስል የምትባለው እያንዳንዷ የስክሪን ነጥብ ከ16,777,216 ቀለማት አንዱን ልትይዝ ትችላለች። ይህም የሆነው የአንዲት ነጥብ ቀለም በ24 ቢት ስለሚመዘገብ ነው፤ አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር የቀለማቱ ብዛት እጥፍ ይሆናል። ለአንዲት ነጥብ የተመደበው የቢት ብዛት የቀለም ጥልቀት ይባላል።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው ሲጂኤ የተሰኘ የቪዲዮ ካርድ ግን የነበረው ማኅደረ ትውስታ 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ስሌቱን አብረን እንሥራ። ወደ ጎን 320፣ ወደ ታች 200 ነጥቦች በጠቅላላው 64,000 ይሆናሉ። ለእያንዳንዷ ነጥብ 2 ቢት ሲሰጥ 16,000 ባይት ይወስዳል፤ ካርዱም ሞላ ማለት ነው። 2 ቢት ደግሞ ከ4 ቀለማት በላይ አይለይም። ካርዱ ከሚፈቅዳቸው ስብስቦች አንዱ አረንጓዴ፣ ቀይና ቡናማ ሲሆን፣ አራተኛው የመደቡ ቀለም ነው። መደቡን ሰማያዊ ብናደርገው ሽመሉም ሰማዩም ይወጡልናል፤ የቅጠሉ ብርሃንና ጥላ ግን ይጠፋል።

ለእኛ ግን ከፎቶግራፉ ይልቅ የሚከብደው የፊደሉ ጉዳይ ነው። ካርዱ ጽሑፍ ብቻ ሲያሳይ ለእያንዳንዱ ሆሄ 2 ባይት ይመድባል፤ አንደኛው የሆሄውን ቁጥር፣ ሁለተኛው ቀለሙን ይይዛል። በዚህ ስልት 80 ሆሄያት ያሏቸው 25 መስመሮች 4,000 ባይት ብቻ ይፈጃሉ። ይሁን እንጂ አንድ ባይት የሚለየው 256 ምልክቶችን ነው። 33ቱ ሆሄያት በ7 ሲባዙ 231 ይደርሳሉ፤ እነ ቋና ሏ፣ የግእዝ አኃዞች እንዲሁም ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚያስፈልጉት የላቲን ፊደላት ሲታከሉ ቦታው አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪጂኤ 512 ምልክቶችን በአንድ ጊዜ ማሳየት ቻለ። ተጨማሪው ቢት የተገኘው ግን ከቀለሙ ባይት ተወስዶ ነው! በመሆኑም የጽሑፉ ቀለማት በተግባር ከ16 ወደ 8 ይወርዳሉ። ልውውጡ በእኛ አስተያየት የሚያዋጣ ነው፤ የሥራ ቋንቋው አማርኛ በሆነው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለሚጻፍ ደብዳቤ ከ8 ቀለማት ይልቅ የአንድ ሆሄ መጉደል ይጎዳል።

ሌላው መንገድ እያንዳንዱን ሆሄ እንደ ሥዕል በነጥብ መሣል ነው። በዚህ መንገድ የሆሄያቱ ብዛት ገደብ የለውም፤ ነገር ግን 640 በ480 ነጥብ በ16 ቀለማት 153,600 ባይት ይጠይቃል፤ ይህም ከጽሑፉ ስልት 38 እጥፍ ይበልጣል። ማኅደረ ትውስታ እየረከሰ ሲሄድና ዊንዶውስ ሲስፋፋ ያሸነፈው ይኸው መንገድ ሆነ። የቀረው የመለያ ቁጥሩ ነበር፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ተሰጠ። የሀ ቁጥር 4608 ነው፤ በአንድ ባይት ሊጻፍ አይችልም።